ኦንላይን ጌም ለምትሠሩ፦ የመልእክት ቁጥሮቻችሁን አንድ ፋይል ውስጥ አድርጉ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ተሰባስባችሁ ኦንላይን ጌም ለምትሠሩ ልጆች አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ክላየንቱ (ተጫዋቹ ጋ ያለው ጌም) እና ሰርቨሩ (ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው ኮምፒውተር) የሚግባቡባቸውን ቁጥሮች ሁለት ቦታ አትጻፉ። አንድ ፋይል ይኑራችሁ፤ ሁለቱም ከዚያው ያንብቡ።

ከሁሉ በላይ ግን የእያንዳንዱን መልእክት ቁጥር ራሳችሁ ስጡት፦ 1 መግባት፣ 2 መራመድ፣ 3 ዕቃ መጣል፣ 4 መምታት። ኮዱ በራሱ እንዲቆጥር ከተዋችሁትና አንዳችሁ መሃል ላይ «ማውራት»ን 3 አድርጎ ከሰነቀረ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ በአንድ ይገፋል። ያላዘመነ ተጫዋች ጭራቁን ልምታ ብሎ 4 ይልካል፤ አዲሱ ሰርቨር «ጣል» ብሎ ያነበዋል። ሰይፉ መሬት ላይ ቁጭ! እዚህ ደግሞ ፓኬጅ እንዳያልቅበት ብሎ ዋይፋይ እስኪያገኝ አፕዴት የሚያቆይ ሰው ሞልቷል።

ስለዚህ አዲስ መልእክት ሁሌም መጨረሻ ላይ ይግባ። የተሰረዘ ቁጥር ለሌላ አይሰጥ። የፕሮቶኮሉ (የሁለቱ መግባቢያ ደንብ) ስሪትም ገና ሲገናኙ ይላክ፤ ካልገጠመ ሰርቨሩ «አፕዴት አድርግ» ብሎ ይመልሰው።

ቁጥሩን በ1 ባይት ከላካችሁ ያላችሁ 256 ቦታ ብቻ ነው። በ2 ባይት 65,536 ይሆናል፤ ከአሁኑ ሁለት አድርጉት። የትኛው ባይት እንደሚቀድምም እዚያው ፋይል ላይ ጻፉ።