አክስቴ ስልክ ላይ አልከፍት ያለው ቪዲዮ

ደሴ ላይ የቀረፅኩት መንዙማ ኮምፒውተሬ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ሐይቅ ያለችው አክስቴ ስልክ ላይ ግን ክቡ ምልክት ብቻ ይሽከረከራል። በኔትወርኩ አሳበብኩ። ተሳስቼ ነበር።

ችግሩ ፋይሉ ነው። ኤች.265 በሚባል የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ተጨምቋል፤ ብዙ የቆዩ ስልኮች ይህን አያጫውቱም። የኤምፒ4 ፋይሉ ማውጫም፣ ምስሉና ድምፁ የት የት እንዳለ የሚጠቁመው ክፍል፣ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል፤ ማጫወቻው እሱን ሳያገኝ መጀመር አይችልም። ሃንድብሬክ በሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ላይ የቆዩ ስልኮችም የሚያጫውቱትን ኤች.264 መረጥኩ፣ ጥራቱን ከ1080 ወደ 720 አወረድኩ፣ ከዚያ «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። ይቺ ሳጥን ማውጫውን ወደ ፊት ታመጣዋለች። ለእኔ ትልቁ ነገር እሷ ናት።

ግጥሙንም ከስር በትልቁ ጻፍኩ፤ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ሰው ብዙ ነው።

ማታ አክስቴ ደወለች። «እሰይ የኔ ልጅ! ድቤው ሳይቀር ይሰማል።»