አንድ ጎማው አየር ላይ የቀረውን ጋሰር ያስተካከልኩበት መንገድ

የገጣጠምኩት የፕላስቲክ ሞዴል መኪና እ.ኤ.አ. የ1941 ዊሊስ ኩፔ ነው፤ ስኬሉ 1/25፣ ማለትም ርዝመቱ የእውነተኛው 25ኛ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሩብ ማይል ድራግ (ቀጥ ባለ መንገድ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ይሮጡ ከነበሩት ጋሰሮች፣ ማለትም ለውድድር ከተቀየሩ የመንገድ መኪኖች፣ አንዱን ለማስመሰል ፊቱን ከፍ አደረግኩት። የእነዚያ መኪኖች ፊት ቀና ማለቱ ለፋሽን ብቻ አልነበረም። ሲነሱ ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዶ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ቆንጥጠው እንዲይዙ ነው።

አዲሱን የፊት አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ) ገጥሜ ሳቆመው ግራ ጎማው አየር ላይ ቀረ። አክስሉን ለካሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ሁሉንም ፈትቼ ሻንሲውን (የመኪናውን የታች አካል) ብቻውን መስታወት ላይ ሳስቀምጠው ግን አንዱ ጥግ ተነሳ። ለካ ከካርቶኑ ሲወጣም ጠማማ ነበር!

ሊፈላ የተቃረበ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ነከርኩት። ለስለስ ሲል በተቃራኒው አቅጣጫ ትንሽ አሳልፌ ጠመዘዝኩት፤ ፕላስቲክ መልሶ መመለስ ይወዳል። እንደያዝኩት ወደ ቀዝቃዛ ውሃ። የሚንተከተክ ውሃ ግን አደራ፣ ይልሞሰሞስባችኋል።

አክስሉን ከመመለሴ በፊት የሚጣበቅበትን ቦታ ክሮም (የሚያብረቀርቀውን ሽፋን) በከተር ፋቅኩ። ማጣበቂያው የሚይዘው ፕላስቲኩን አሟምቶ ነው፤ ክሮሙን አይነካውም። እስኪደርቅ አራቱንም ጎማዎች መስታወቱ ላይ አሳርፌ ተውኩት። አሁን በየትኛውም ጎማ ስር ወረቀት አያልፍም።