ጨረራ ባለበት ግቢ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ስትወርዱ ግራና ቀኙ ፋብሪካና መጋዘን ነው። እዚያው ቃሊቲ ውስጥ የቆላ ዝንብ የሚረባበትና ወንዱ በኮባልት 60 ጨረራ የሚመክንበት ማዕከል እንዳለ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የመከነው ወንድ ተወስዶ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ይለቀቃል። ከእሱ የተጣመረችው ሴት ዘር አትተካም። ዝንቡ ይቀንሳል፣ ከብቱም ከገንዲ በሽታ ይተርፋል። ጨረራ እንዲህ ያለ ደግ ሥራ ይሠራል።

እኔም በከተማዋ ዳር ዳር በጨረራ ደህንነት ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። አዲስ ባለሙያ ሲመጣ ቁጭ አድርጌ የምነግረውን ነው ዛሬ የምጽፈው።

ለፍተሻ ቀን ብቻ መዘጋጀት

ስሙን የማልጠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። ትንሽ የጨረራ ምንጭ ያለው መለኪያ መሣሪያ ነበረን። ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ግቢው የሰርግ ቤት ይመስላል። ወለሉ ይታጠባል፣ ቢጫው ምልክት እንደገና ይቀባል። በየቀኑ መሞላት የነበረበት የልኬት መዝገብም በአንድ ማታ ይሞላል። የሦስት ወሩ በሙሉ፣ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ።

የመጣችው ተቆጣጣሪ ወጣት ናት። ብዙ አላወራችም። ጣቷን በቀኖቹ ላይ ወደ ታች እያስኬደች ቆየችና አንድ መስመር ላይ አቆመች።

«መስከረም 17 የመስቀል ዕለትም ገብታችሁ ለክታችኋል?»

ማንም አልመለሰም። ቀጥላ የጨረራ መለኪያውን አስመጣች። ቁልፉን ብትጫነው አይበራም፤ ባትሪው ሞቷል። መቼ እንደሞተ የሚያውቅም አልነበረም። እኔ መዝገቡ ሲሞላ እዚያው ነበርኩ። አይቼ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ተቆጣጣሪ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። በቀረው ጊዜ ግቢውን የሚጠብቀው ያ መለኪያና ያ መዝገብ ነው። በውሸት ቁጥር ከሞላነው አደጋ ሲመጣ የሚነግረን የለም።

ደረትን ለክቶ እጅን መርሳት

ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ባጅ ሰውነት የወሰደውን ጨረራ ይመዘግባል። ለሠራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት ነው፤ ሲቨርት ሰውነት የወሰደው ጨረራ የሚለካበት አሃድ ነው። ለእጅ ግን ለብቻው በዓመት 500 ሚሊ ሲቨርት የሚል ሌላ ጣሪያ አለ። ይሄን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ባጁን ከጋዋኑ ጋር ሚስማር ላይ ሰቅሎ የሚሠራም አይቻለሁ። እሱማ ሚስማሩን ነው የሚለካው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ከሲድኒ ወጣ ብላ ባለችው ሉካስ ሃይትስ፣ ራዲዮአክቲቭ (ጨረራ አመንጪ) መድኃኒት በሚመረትበት ተቋም፣ የጥራት ምርመራ ሠራተኛ ሞሊብደነም 99 ያለበት ብልቃጥ ከእጁ አመለጠው። ጓንት አድርጓል። ግን ፈሳሹ እጁን በከለው፤ እጁ ቀልቶ ውኃ ቋጠረ። ክስተቱ ሰባት እርከን ባለው ዓለም አቀፍ የኑክሌር አደጋ መመዘኛ (ሰባት የከፋው ነው) እርከን ሦስት ተባለ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪም ተቋሙ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር አዘዘ። አንዲት ብልቃጥ ናት። ስለዚህ ብልቃጥ የሚነካ ሰው የጣት ቀለበት መለኪያ ያድርግ፣ በረጅም መቆንጠጫ ይሥራ።

«እኛ ጋ የኑክሌር ሬአክተር የለም» ብሎ መዝናናት

ፍለሩስ የምትባል የቤልጂየም ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 እዚያ ባለው፣ ሬአክተር ሳይሆን ለሕክምና የሚውል ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር (አይሶቶፕ) በሚያመርት ተቋም፣ ፈሳሽ ቆሻሻ ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው ሲዛወር አዮዲን 131 በጭስ ማውጫው ወጣ። ይሄም እርከን ሦስት ነበር። በአካባቢው ያሉ ነዋሪዎች የጓሯቸውን አትክልትና ትኩስ ወተት እንዳይጠቀሙ ተነገራቸው።

ለምን ወተት? አዮዲኑ ሳር ላይ ያርፋል፣ ላም ትግጠዋለች፣ ከወተቱ ጋር ልጅ አንገት ላይ ያለው እጢ ውስጥ ይገባል። ያው እንቅርት የሚወጣበት እጢ ነው። በሕክምና ይህንኑ እጢ የሚያድነው አዮዲን ያለ ቦታው ሲሆን ይጎዳዋል። አሁን አቃቂ ወንዝ ዳር ያለውን ጎመንና ሰላጣ፣ በየግቢው የታሰረችውን ላም አስቡ። በከተማ ዳር እንዲህ ያለ ተቋም የሚያቅድ ሰው ከአጥሩ ውጪ ያለውን ማወቅ አለበት። ችግር ቢፈጠር ለገበሬው ማን፣ በምን ሰዓት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነግረው ቀድሞ መጻፍ አለበት።

ተቆጣጣሪን እንቅፋት አድርጎ ማየት

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው።

ካናዳ ቾክ ሪቨር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚሠራ ኤንአርዩ የሚባል የምርምር ሬአክተር ነበር። ለዓለም ሆስፒታሎች ብዙውን ሞሊብደነም 99 ከሚያቀርቡት አንዱ ነበር። ከሞሊብደነሙ የሚገኘው ቴክኒሺየም 99ኤም የልብና የአጥንት ምርመራ ይሠራበታል። መድኃኒቱ አይከማችም። ሞሊብደነሙ በ66 ሰዓት፣ ቴክኒሺየሙ በ6 ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ሬአክተሩ ከቆመ በቀናት ውስጥ የሕመምተኛ ቀጠሮ ይሰረዛል።

እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ለጥገና እንደቆመ፣ ሁለት የማቀዝቀዣ ፓምፖች የመሬት መንቀጥቀጥ ከሚቋቋመው የመጠባበቂያ ኃይል ጋር እንዳልተገናኙ ታወቀ። ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ይሄ ሳይስተካከል አይነሳም አለ። መድኃኒት ጠፋ። ፓርላማው በዲሴምበር ልዩ ሕግ አውጥቶ ሬአክተሩን አስነሳው። በጃንዋሪ 2008 የኮሚሽኑ ፕሬዝዳንት ሊንዳ ኪን ከኃላፊነታቸው ተነሱ።

የሕመምተኛው ጭንቀት እውነት ነው። ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ቤቱ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ፓምፖቹን ማገናኘት የዚያ ሳምንት ሥራ አልነበረም፤ ቀደም ብሎ ማለቅ የነበረበት ነው። ሥራው ሲዘገይ ከርሞ በመጨረሻ ሕመምተኛውና ደህንነቱ ፊት ለፊት እንዲቆሙ ተደረገ። ጥፋቱ ያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ያው ሬአክተር «ከባድ ውኃ» የሚባለውን ማቀዝቀዣውን አፍስሶ ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ።

እኛም አገር ሥራው ድሮ ከምናውቀው የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ወደ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛውሯል። ስሙ ይለዋወጥ፣ ችግር የለውም። «አይሆንም» ያለ ባለሙያ በማግስቱ ወንበሩ ላይ መገኘቱን ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ያረጀውን ምንጭ ጥሎ መሄድ

በብራዚል ጎያኒያ ከተማ አንድ የካንሰር ክሊኒክ ቤት ሲቀይር የሲሲየም 137 ማሽኑን ባዶው ሕንፃ ውስጥ ትቶት ሄደ። ለተቆጣጣሪም አላሳወቀም። እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለት ሰዎች ብረት ነው ብለው ነቅለው ለቆራሌ ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ውስጡ ያለው ነገር በጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ሲያበራ አይቶ ተደነቀ፤ ለዘመድ ወዳጅ አካፈለ። ሰዉ መታመም ሲጀምር የጠረጠረችው ሚስቱ ነበረች። ምንጩን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ወደ ጤና ቢሮ ወሰደችው። ብዙ ሰው አተረፈች፤ እሷ ግን ሞተች። የስድስት ዓመት ሕፃን ጨምሮ አራት ሰዎች ሞቱ፣ 249 ተበከሉ። ሲሲየም 137 በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 30 ዓመት ይፈጅበታል።

ስለዚህ ምንጭ ለመግዛት ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ሥራው ሲያልቅ የት እንደሚሄድና ማን እንደሚከፍል አብሮ በጽሑፍ ይያዝ። በእኛ ሰፈር የተጣለ ብረት ሁሉ በቆራሌው አልፎ እዚሁ ቃሊቲና አቃቂ ብረት ማቅለጫ ይደርሳል።

በቀደም ደጃፌ ላይ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ልጅ ጠርቼ በስልኬ ሁለት ምልክት አሳየሁት። አንዱ የታወቀው ባለ ሦስት ክንፍ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አለበት። ከመጠኑ በላይ የሚከብድ የእርሳስ ዕቃ ላይ ይሄን ካየህ አትፍታው፣ ራቅ ብለህ ለፖሊስ ደውል አልኩት። ጆንያውን መሬት አስቀምጦ ትኩር ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ በቴሌግራም ላክልኝ» አለኝ። «ሚዛን ቤት ላሉት ልጆች ላሳያቸው።»