ኩስታርዱ ለምን ጓጎለብኝ?

ኩስታርድ (ከወተት፣ ከስኳርና ከእንቁላል አስኳል የሚሠራ ወፈር ያለ ጣፋጭ) ሦስቴ ሠርቼ ሦስቴም ጓጎለብኝ። ግማሽ ሊትር ወተት አፈላለሁ፤ በስኳር የመታሁትን 4 የእንቁላል አስኳል ግልብጥ አደርግበታለሁ። ወዲያው እንቁላል ፍርፍር! ያውም ስኳር ያለበት።

ለካ አስኳል የሚፈላ ወተት ውስጥ በአንዴ ሲገባ ሳይዋሃድ በስሎ ይቋጠራል። አሁን በተቃራኒው ነው የምሠራው። የወተቱ ጠርዝ አረፋ ሲጀምር አወርደዋለሁ። ከዚያ በጭልፋ እየቀነስኩ፣ ቀጠን አድርጌ አስኳሉ ላይ አፈስሳለሁ። ሌላው እጄ መምታቱን አያቆምም። ሲዋሃድ ድስቱ ውስጥ መልሼ፣ በጣም ዝግ ባለ እሳት በእንጨት ማንኪያ አማስለዋለሁ። መፍላት የለበትም፤ 85 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ መቋጠር ይጀምራል። ቴርሞሜትር የለኝም፤ የማንኪያውን ጀርባ የሸፈነውን ኩስታርድ በጣቴ አሰምራለሁ። መስመሩ ካልተዘጋ ደርሷል ማለት ነው።

ጥቂት ጉጉል ካመለጠኝም ወንፊት አለ።