ከቡታ ጋዝ ወደ ኢንዳክሽን ምድጃ ለመዞር

ኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያሞቅ የመብራት ምድጃ) ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው ዋጋና መልክ ነው። ሥራው ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ በቤቱ መስመር፣ ጓዳ ባሉት ድስቶችና በወጥ ሠሪው እጅ ላይ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ፈትሹ።

ከመስመሩ ጀምሩ። ባለ አንድ ዓይን ኢንዳክሽን በብዛት 2,000 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ለዚህ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከርና ኧርዝ ያለው ሶኬት ያስፈልገዋል። ከአምፖል መስመር ተቀጥሎ የወጣ ሶኬት አይሆንም፤ ቀጭን ማከፋፈያም እንዲሁ። ምድጃውን በሙሉ ኃይሉ 20 ደቂቃ ካሠራችሁ በኋላ አጥፉት፣ ስፒናውን ንቀሉና በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን የሶኬቱ መያዣ ወይም የሽቦው ብሎን ላልቷል ማለት ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ደግማችሁ አትሰኩት።

የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ 25 አምፔር ይሆናል። ምጣዱ የራሱ መስመር ከሌለውና ዋናው ብሬከር ይህን ካልቻለ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ኢንዳክሽኑ ይረፍ። ከትራንስፎርመር የራቀ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ማታ መንደሩ ሁሉ ሲያበስል ቮልቴጁ ይወርድና ምድጃው ጮሆ ይጠፋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በቴስተር አስለኩት። ስታቢላይዘር መግዛት ግድ ከሆነም ቢያንስ ባለ 3,000 ቪኤ ይሁን፤ የፍሪጁ አይችለውም።

ድስት የሚመረጠው በማግኔት ነው። ቂጡ ላይ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ይሠራል። የብረት መጥበሻ፣ የኢናሜል ድስትና ቂጡ ለኢንዳክሽን የተሠራ አይዝጌ ድስት ይሆናሉ። ተራው የአልሙኒየም ድስትና የሸክላ ድስት አይሆኑም፤ ምድጃው ድስት መኖሩንም አያውቅም። ሽሮ በሸክላ ካልሆነ አይጥመኝም ለሚል ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቂጡ ስፋት ከ12 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፣ ደግሞም ዝርግ መሆን አለበት። ቡና የሚቆላበት ብረት ምጣድ ጎድጓዳ ከሆነ አይያዝለትም፤ ዝርግ ከሆነ 800 ዋት ላይ ቆንጆ አድርጎ ይቆላል። ለሸክላ ጀበና ከስሩ የሚደረግ የብረት ሳህን ይሸጣል፤ ሳህኑ ግን ሙቀቱን መልሶ የምድጃው መስታወት ላይ ስለሚጥል ከ800 ዋት አታሳልፉት። ለቡናው ከሰሉን ባትተዉት ይሻላል።

ትልቁ ለውጥ ቁሌት ላይ ነው። የጋዝ እሳት የድስቱን ታችና ጎን አቅፎ ያሞቃል። ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ከመስታወቱ ስር ከተጠቀለለው መዳብ ትይዩ ያለውን የድስት ቂጥ ብቻ ነው። ስስ ድስት ላይ ሽንኩርት ብትጥሉ በዓይን ይታያል፦ ቡናማው ቀለበት ሠርቶ ይወጣል፣ መሃሉ ገና ነጭ ነው፣ ዳር ያለውም ጥሬውን ነው። ስለዚህ ለወጥ ቂጡ 5 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍር ድስት ግዙ። ገንዘብ መውጣት ያለበት ከምድጃው ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ለ1 ኪሎ ሽንኩርት 1,000 ዋት ላይ ጀምሩና ውሃውን እስኪያወጣ ክደኑት። ውሃው መምጠጥ ሲጀምር ወደ 600 አውርዳችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። ዘይቱ ገብቶ ሲቁላላ፣ በርበሬው ከመግባቱ በፊት 400 ይሁን፤ አንድ ሲኒ ሙቅ ውሃም አጠገባችሁ ይኑር፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉ። ባዶ ድስት ወይም ዘይት ብቻ ያለበትን ድስት በ2,000 ዋት ጥዳችሁ ዞር አትበሉ። ነበልባል ስለማይታይ ይረሳል፣ ዘይቱ ግን ወዲያው ይጨሳል።

ርካሽ ምድጃ 400 ሲባል በትክክል 400 አይሰጥም። ለጥቂት ሰከንድ 1,000 ያህል ይለቅቅና ይጠፋል፣ መልሶ ይበራል። ወጡ አንዴ ተንተክትኮ አንዴ ጸጥ ሲል የምታዩት ለዚህ ነው፤ በርበሬ የሚያርረውም በበራባት ሰከንድ ነው። ሱቅ ውስጥ ውሃ አስጥዱና ዝቅተኛው ቁጥር ላይ አረፋውን ተመልከቱ። ሳያቋርጥ የሚፈላው ይገዛ። በዲግሪ የሚሠራውን ቁልፍ ደግሞ ለወጥ አትመኑት፤ የሚለካው የመስታወቱን ሙቀት እንጂ የድስቱን ውስጥ አይደለም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሸዋሮቢት 96 ይጠጋል። 1 ሊትር ውሃ በ2,000 ዋት 3 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከፈላ በኋላ ግን ኃይል መጨመር ውሃውን ይጨርሳል እንጂ ባቄላውን አያበስልም። ወደ 500 አውርዳችሁ ክደኑት። ደጋ ላለ ቤት ማግኔት የሚይዝ የግፊት ድስት ከሁሉ በላይ ይጠቅማል፤ ሽምብራና ባቄላ ያለዚያ መብራት ይበላሉ። ቆላ ላለው ደግሞ ዋናው የምድጃው ማራገቢያ ነው፦ ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ የሚያርፍበት ጠረጴዛም ብረት አይሁን። ወጡ እንደወጣ ስፒናውን አትንቀሉ፤ ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቁ።

ወጪውን ለማስላት ይህን ያዙ፦ ጋዝ ከሚያወጣው ሙቀት ድስቱ የሚያገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው፣ ከኢንዳክሽን 85 ገደማ። በዚህ ሒሳብ 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚሠራውን ሥራ 75 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት ይሠራዋል። የቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር እርከኑ ስለሚጨምር፣ 75ቱን በወር ፍጆታችሁ ላይ ደምራችሁ በምትደርሱበት እርከን አስሉ።

ልባቸው ላይ ፔስሜከር የተገጠመላቸው ሰው ቤት ካሉ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጠቀሙ፤ በተለምዶ የሚሰጠው ምክር ከበራ ምድጃ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ ነው።

ሲሊንደሩን አትሽጡት። መብራት በጠፋ ቀን ራት የሚበስለው በእሱ ነው። የማትጠቀሙበት ሲሆን የሲሊንደሩን ቁልፍ ዝጉ፣ ቱቦ ውስጥ የቀረው ተቃጥሎ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ የምድጃውን ቁልፍ ዘግታችሁ እሳት በሌለበት ሬጉሌተሩን ፍቱ። አቁማችሁ አየር በሚገባበት ደጅ፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ አስቀምጡት፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ዝቅ ያለ ጓዳ አይሆነውም። መልሳችሁ ስትገጥሙ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋ እያበጠ ከወጣ ይፈስሳል፣ ክብሪት አትጫሩ። መብራት ሲጠፋም የኢንዳክሽኑን ስፒና ንቀሉ፣ ከመጣም በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ሰኩት፤ ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዝለል ቦርዱን ያቃጥላል።