የግቢ ወፍ ፎቶ እምቢ ሲል

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዛፍና ትንሽ የአበባ መደብ ያለው ግቢ ወፍ አያጣም። ድንቢጥ አለች። ምንቃሯ እንደ ማጭድ ቆልመም ያለው፣ የአበባ ወለላ የምትመጠው ሰንበርድም አለች። ፎቶዋ ግን እምቢ ይላል። እኔም ብዙ ጊዜ ካሜራዬን ስረግም ኖሬ፣ ጥፋቱ ባብዛኛው የቆምኩበት ቦታ እንደሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ወፏ ጥላ መስላ ጠቆረች

መጀመሪያ ከኋላዋ ያለውን እዩ። ሰማይ ከሆነ ነገሩ ያለቀለት ነው። ካሜራው የሰማዩን ብርሃን ልቀንስ ሲል ወፏንም አብሮ ያጠቁራታል። በስልክ ከሆነ ወፏን ስክሪኑ ላይ ነካ አድርጉና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ሳቡ። በካሜራ ከሆነ የብርሃን ማስተካከያውን (+/- የሚለውን) ወደ +1 ከፍ አድርጉት። ከሁለቱም የሚሻለው ግን ቅጠል ከኋላዋ ወዳለበት ቅርንጫፍ እስክትወርድ መጠበቅ ነው።

ብርሃን ጨምራችሁም ከጠቆረች ወንድ ሰንበርድ ሊሆን ይችላል። የሱ አንጸባራቂ ቀለም እንደ ጨርቅ የተነከረ አይደለም። የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን መልሶ ሲያንጸባርቅ የሚታይ ነው። ማዕዘኑ ከተበላሸ ቀለሙም የለም። ታካዜ ሰንበርድ የሚባለውን ውሰዱ፤ አዎ፣ ስሙ ከኛው ተከዜ ወንዝ ነው። ወንዱ ከሩቅ ከሰል ይመስላል። ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን ሐምራዊው ቦግ ይላል።

እዚህ ላይ ካሜራ መነካካት ዋጋ የለውም፤ ወንበራችሁን አንሱ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ፀሐይ ከምሥራቅ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከአበባው በስተምሥራቅ ቁጭ በሉ። ቀትር ላይ አናት ላይ ትወጣና የወፏ ሆድ ይጨልማል። እኔ ያን ሰዓት ቡና እጠጣለሁ።

ፎቶው ደበዘዘ

ምኑ እንደደበዘዘ ሳታዩ ምንም አትንኩ። አጠገቧ ያለው ቅጠል ጥርት ብሎ ወፏ ብቻ ከደበዘዘች፣ ተንቀሳቅሳለች። የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ 1/1000 ሰከንድ አድርሱት። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦ (ISO፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ጨምሩ፤ አሸዋ የነሰነሱበት ቢመስልም ከደበዘዘው ይሻላል። ሁሉም ነገር ከደበዘዘ እጃችሁ ነው፤ ግድግዳ ተደገፉ። ከኋላ ያለው ግንድ ጠርቶ ወፏ ከደበዘዘች ደግሞ ፎከሱ አልፏት ሄዷል። አንዷን ትንሽ የፎከስ ነጥብ ምረጡና ዓይኗ ላይ አሳርፉ።

በስልክ ሳነሳት ነጥብ ሆነች

ስክሪኑ ላይ በሁለት ጣት ብዙ ስትጎትቱት ስልኩ ያው ምስሉን ቆርጦ ያሰፋዋል እንጂ አያቀርብም። ስለዚህ ስልኩ ራሱ ይቅረብ። ዝርግ ሳህን ላይ ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ አድርጉ፣ ስልኩን አጠገቡ ጡብ ላይ አስደግፉ፣ ራቅ ብላችሁ ስልኩን ከሩቅ በሚያዝ የብሉቱዝ ቁልፍ አንሱ። በመጀመሪያው ቀን ላትመጣ ትችላለች። ሳህኑን ከቦታው አታንሱ፤ ውሃውን ግን በየቀኑ ቀይሩት።

ሰንበርድን ከፈለጋችሁ ራስ ክምር ወይም ሬት ሲያብብ ጠብቁ። ብዙውን ጊዜ አየር ላይ ቆማ ሳይሆን ግንዱን ይዛ ነው የምትመጠው፤ ወደዚያው አበባ ደጋግማም ትመለሳለች። ፎከሱን አስቀድማችሁ አበባው ላይ አድርጉ።

ስጠጋ ትበራለች

ፊት ለፊት ስለምትሄዱባት ነው። እሷ ሳትመጣ በፊት ቀድማችሁ ተቀመጡ። የጎረቤት ድመት ግቢ ውስጥ ካለች ግን በከንቱ አትድከሙ።

ትል በአፏ ይዛ ሽቦ ላይ ተቀምጣ የምትንጫጫባችሁ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ጎጆዋ ቅርብ ነው፤ እናንተ ስላላችሁ ጫጩቶቿ ጋ መግባት ፈርታለች። ለዚህ ችግር ያለው መፍትሄ ካሜራውን አጥፍቶ ቤት መግባት ነው።