ሚዛኑ ሽቅብ ያለ ቀን ምን ይደረጋል? የቀነሱትን ክብደት ይዞ ለመቆየት

18 ኪሎ ለመቀነስ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ 11ዱን ለመመለስ አምስት ወር በቃኝ። የሚከተለው ለሁለተኛ ጊዜ ስጀምር የያዝሁት መንገድ ነው።

በመጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ከበሉት ምግብ ጎን ያን ጊዜ የተሰማዎትን ይጻፉ። ተራ ደብተር ይበቃል። ካሎሪ የሚቆጥሩ የስልክ መተግበሪያዎችን እኔ አልወድም፤ የበላሁትን እንጂ የበላሁበትን ምክንያት አይጠይቁኝም። በደብተሬ ላይ «ማታ፣ በሥራ ተበሳጭቼ፣ የማቀዝቀዣውን በር ሳልዘጋ ቆሜ» የሚል መስመር በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አገኘሁ። የሆድ ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ያገኘውንም ይበላል። የስሜት ረሃብ ግን ድንገት ደርሶ አንድ ምግብ ብቻ ካልሆነ ይላል። እንዲህ ሲሆን ከቤት ወጥተው ሩብ ሰዓት ይራመዱ። ሁልጊዜ ባይሠራም ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ቀጥሎ ቀን ቆርጠው መመዘን ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምሱ።

ዋናው ፈተና ሚዛኑ ሽቅብ ያለ ጠዋት ነው። እኔን የጣለኝ እሱ ነው። ከአንድ ሳምንት ጉዞ ስመለስ ሁለት ኪሎ ጨምሬ አገኘሁት። ሚዛኑን በእግሬ ገፍቼ ከአልጋ ሥር አስገባሁትና «ትንሽ ስቀንስ እወጣበታለሁ» አልሁ። ከአምስት ወር በኋላ ስጎትተው አቧራ ለብሶ፣ ባትሪው አልቆ ነበር።

የሚያሳዝነው፣ የዚያን ዕለቱ ጭማሪ አብዛኛው ውሃ መሆኑ ነው። ሰውነት ስኳርና ስታርችን በጉበትና በጡንቻ ሲያከማች በእያንዳንዱ ግራም ላይ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ ጨው ሲበዛም ውሃ ይቋጥራል። አንድ ኪሎ ስብ ግን ወደ 7,700 ካሎሪ ነው። ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ 15,000 ካሎሪ ገደማ መብላት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ያን ጠዋት ቁጥሩን ይጻፉና የወትሮውን ቁርስ ይብሉ። በጾም ራስዎን ለመቅጣት አይሞክሩ፤ ቀን የተከለከለ ሆድ ማታ ከነወለዱ ያስከፍላል። «አንዴ ፈስሷል፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» የምትለዋን ሐሳብ ይጠንቀቁ። እኔን ያወፈረኝ የጉዞው ምግብ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በዚህች ሐሳብ አሳብቤ የበላሁት ነው። ለሚቀርብዎት ሰው ቁጥሩን ሳያፍሩ ይንገሩት፤ እኔ ለእህቴ እልካለሁ፣ እሷም ያለ አስተያየት «አየሁት» ብላ ትመልሳለች።

ከቀነሱም በኋላ ቢርብዎት ስንፍና አይደለም። ስብ ሲቀንስ የጥጋብን ምልክት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን አብሮ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ የረሃብ ሆርሞኖች ክብደት ከተቀነሰ ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ቦታቸው እንዳልተመለሱ አሳይቷል። ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ በራሴ ላይ ያን ያህል ባልፈረድሁ ነበር።

ሰፊ ልብሶችዎን ለሰው ይስጡ። «ከሳህ፣ አሞህ ነው?» ለሚልዎት «ደህና ነኝ» ይበቃል። ተደብቀው የሚበሉ ወይም የበሉትን ሆን ብለው የሚያስመልሱ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ ትተው ሐኪም ያነጋግሩ።

ሚዛኑን አሁን የማስቀምጠው መታጠቢያ ቤት በር ላይ ነው። ለመግባት እሱን መሻገር አለብኝ።